ምዕራፍ ስድስት፦ ጋላቢ ብቻውን አይበቅልም

በመርካቶ ጭድ ተራ አስፋልቱ ለሁሉም አይበቃም። ሸክም ያዘለ ወዛደር መንገድ ልቀቁ እያለ ያልፋል፤ ባለጋሪው ከኋላው ይገፋል፤ አይሱዙው ዕቃ ሊያራግፍ ወደ ኋላ ይመጣል፤ ገበያተኛው በመሃል በመሃል ይሾልካል። እዚህ ሰፈር ተወልዶ ያደገ ልጅ ኳስ ቢወድ ጨርቅ ጠቅልሎ የሚያንከባልልበት ጥግ አያጣም። ሩጫ ቢወድ ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ የእንጦጦን ዳገት መያዝ ይችላል። ብስክሌት ጋላቢ ልሁን ያለ ልጅ ግን ጉልበቱ ከመፈተኑ በፊት አራት ነገር ይጠየቃል፦ ብስክሌት፣ መንገድ፣ አብሮት የሚጋልብ ሰው እና ውድድር። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ ተሰጥኦው ሳይታይ ይቀራል።

ብዙ ሰው የሚያነሳው ጥያቄ አለ። በረጅም ርቀት ሩጫ ዓለምን ያስደነቀች ሀገር፣ ያው ሳንባና ያው እግር በሚጠይቀው በብስክሌት ለምን ወደ ኋላ ቀረች? መልሱን በሰውነታችን ውስጥ መፈለግ ድካም ነው። እግሩም ሳንባውም አለ፤ ይህንንም በዓለም ትልልቅ ውድድሮች ያስመሰከሩ ኢትዮጵያውያንና ኢትዮጵያውያት አሉ። የጎደለው አራቱን ነገሮች አንድ ላይ አያይዞ ሳይበጠስ ለረጅም ዘመን የሚያቆይ ሰንሰለት ነው። የኢትዮጵያ የብስክሌት ታሪክ ሰንሰለቱ የተያያዘባቸውና የተበጠሰባቸው ዘመናት ታሪክ ነው።

በቀለም የተለየ ገበያ፣ በቀለም የተለየ ውድድር

ጣሊያን ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ከተማዋን በዘር ለመክፈል አቀደ። እስከዚያ ዘመን ዋናው ገበያ አራዳ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ነበር። አራዳ ለነጮች እንዲሆን ተፈለገና የሀበሻው ገበያ ወደ ምዕራብ ተገፋ። የዛሬው መርካቶ፣ ጭድ ተራን ጨምሮ ከነተራዎቹ ሁሉ፣ የተስፋፋው በዚህ መሠረት ላይ ነው።

በእነዚያው ዓመታት አስመራ ላይ ጣሊያኖች የብስክሌት ውድድር ያካሂዱ ነበር። ውድድሩም እንደ ገበያው በቀለም የተለየ ነበር፤ ኤርትራውያን ከጣሊያኖቹ ጋር እንዲወዳደሩ አይፈቀድላቸውም። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1939 ሁለቱ ወገኖች በአንድ መስመር ላይ እንዲቆሙ ሲደረግ አሸናፊው ኤርትራዊው ገብረማርያም ገብሩ ሆነ። ጣሊያን ተሸንፎ ከወጣ በኋላም፣ በእንግሊዝ አስተዳደር ዘመን፣ በ1938 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኤርትራ ዙር ተካሄደ።

መርካቶን ነጋዴው ወርሶ የራሱ እንዳደረገው፣ ብስክሌቱንም የአስመራ ልጆች ወርሰው የራሳቸው አደረጉት። ውድድሩ እንደ ጣሊያን ሀገር ውድድር መልክ ነበረው፦ የታወቀ መስመር፣ የታወቀ ቀን፣ መንገድ ዳር ወጥቶ የሚያጨበጭብ ሕዝብ። ኤርትራ በ1945 ዓ.ም. በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር ስትዋሃድ ይህ የተዘጋጀ የውድድር ባህል ወደ ኢትዮጵያ ስፖርት አብሮ ገባ። ውጤቱን ለማየትም ብዙ መጠበቅ አላስፈለገም።

ከሯጮቹ እኩል የተነሱት

ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ የተሳተፈችው በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ነው። ወደዚያ የተጓዙት ስፖርተኞች 12 ሲሆኑ ስምንቱ አትሌቶች፣ አራቱ ብስክሌተኞች ነበሩ። ከሯጮቹ መካከል ያኔ ገና ስሙ ያልታወቀው ማሞ ወልዴ ነበር። ብስክሌተኞቹ ገረመው ደንቦባ፣ መስፍን ተስፋዬ፣ ኃይሉ ፋና እና ጸሐዬ ባህታ ናቸው።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። ኢትዮጵያ በኦሊምፒክ አደባባይ ስትታይ በሩጫ ብቻ አልነበረም፤ ሩጫና ብስክሌት በአንድ ባንዲራ ሥር ነው የተነሱት። የሜልቦርኑ የጎዳና ውድድር ወደ 188 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሲሆን ያሸነፈው ጣሊያናዊው ኤርኮሌ ባልዲኒ ነበር። ከውድድሩ በፊት ሃያ ዓመት እንኳ ሳይሞላ ጣሊያን በአስመራ ሀበሻን ከነጭ ጋር አላወዳድርም ይል ነበር። አሁን ግን አራት የኢትዮጵያ ጋላቢዎች ከጣሊያኑ ኮከብ ጋር ከአንድ መስመር ተነሱ።

ገረመው ደንቦባ ከአራት ዓመት በኋላ ሮም ላይ ድጋሚ ተሰለፈ። በዚያው ኦሊምፒክ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶንን አሸነፈና የሀገሪቱ ዓይን ሁሉ ወደ ሩጫ ዞረ። ብስክሌቱ ግን አልቆመም። በ1957 ዓ.ም. መጀመሪያ ቶኪዮ ላይ፣ በ1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ የኢትዮጵያን መለያ የለበሱት እንደ የማነ ነጋሲ፣ ፍስሐጽዮን ገብረየሱስና ሚካኤል ሳግሊምቤኒ ያሉ ጋላቢዎች ነበሩ። ተከስተ ወልዱ በሜክሲኮም በሙኒክም ተወዳደረ። በሐምሌ 1972 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ ደግሞ ሙሴ ዮሐንስ፣ ጀማል ሮጎራ፣ ጥላሁን ወልደሰንበትና አየለ መኮንን ተተኩ።

ከዚያ በኋላ ሰንሰለቱ ተበጠሰ። ኢትዮጵያ በሎስ አንጀለስና በሴኡል ኦሊምፒኮች አልተካፈለችም። ሰሜኑ በጦርነት ውስጥ ነበር፤ የውድድር መንገዶቹ የወታደር መኪና መንገዶች ሆኑ። በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነጻ ሀገር ስትሆን የኢትዮጵያ ትልቁ የብስክሌት ትምህርት ቤት የነበረችው አስመራ በራሷ ባንዲራ ሥር ቀጠለች። ሩጫ በዚህ ሁሉ መካከል መዝለቅ ችሏል፤ ምክንያቱም ሯጭ በአርሲ ኮረብታ ላይ ብቻውን ሊበቅል ይችላል። ብስክሌተኛ ግን አይችልም። ለምን እንደማይችል ለመረዳት ነፋስን ማወቅ ያስፈልጋል።

ነፋስ የሚያዝዘው ስፖርት

በሜዳ መንገድ ላይ በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ የሚጋልብ ሰው አብዛኛውን ጉልበቱን የሚያወጣው ከፊቱ ያለውን አየር ለመግፋት ነው። ፍጥነት ሲጨምር ይህ ድካም እኩል አይጨምርም፤ እጅግ ያይላል። አየርን ብቻ ለመግፋት ፍጥነትን እጥፍ ማድረግ ስምንት እጥፍ ኃይል ይጠይቃል። ስለዚህ ብቻውን ከፊት የሚጋልብ፣ የቱንም ያህል ጠንካራ ቢሆን፣ ይደክማል።

ከሌላው ጎማ ኋላ ተጠግቶ የሚጋልብ ግን ከፊተኛው ከለላ ያገኛል፤ ከድካሙም እስከ ሲሶ የሚደርሰው ይቀልለታል። በዚህ ምክንያት ጋላቢዎች በመቶ የሚቆጠር ሆነው ተጠጋግተው ይሄዳሉ። አሠራሩን የገጠር ሰው በደቦ ያውቀዋል፦ ዛሬ እኔ ላንተ፣ ነገ አንተ ለእኔ። አንዱ ከፊት ሆኖ ነፋሱን ይቀበላል፤ ተራው ሲያበቃ ወደ ኋላ ይላል፤ ሌላው ይተካል። ልዩነቱ በዚህ ደቦ ውስጥ ተፎካካሪዎችም አብረው መኖራቸው ነው። መቼ መርዳት፣ መቼ መደበቅ፣ መቼ ማምለጥ እንደሚገባ ማወቅ የጋላቢው ዋና ዕውቀት ነው።

ይህ ዕውቀት በልምምድ ብቻ አይገኝም። ከፊት ጎማ በጥቂት ሴንቲ ሜትር ርቀት መሄድ፣ ቁልቁለት ላይ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር እየበረሩ ጠመዝማዛ መንገድ መታጠፍ፣ ትከሻ ለትከሻ እየተነካኩ አለመውደቅ፣ እነዚህ ሁሉ በብዙ ሰው መካከል በመወዳደር ብቻ የሚለመዱ ናቸው። የቤልጂግ ወይም የጣሊያን ልጅ ከልጅነቱ ጀምሮ በሰፈሩ ክለብ ታቅፎ በየሳምንቱ መጨረሻ ይወዳደራል። ሃያ ዓመት ሲሞላው በመቶ የሚቆጠር ውድድር ጨርሷል። የእኛ ልጅ በዚያ ዕድሜ ምናልባት ጥቂት ውድድሮችን ብቻ አይቷል፤ እነሱም ከጥቂት ሰዎች ጋር ናቸው።

በአንድ ነገር ተፈጥሮ ለእኛ አድልታለች። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ እዚያ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር ወደ ሩብ በሚጠጋ መጠን የሳሳ ነው። እዚህ የሚኖር ሰው ደም ኦክስጅን መሸከምን ይለማመዳል። የሳሳ አየር ለብስክሌት ፍጥነት ምን እንደሚሠራ የዓለም ታላላቅ ጋላቢዎች ያውቁታል፤ ቤልጂጋዊው ኤዲ መርክስ በ1965 ዓ.ም. በአንድ ሰዓት 49.431 ኪሎ ሜትር ጋልቦ ክብረ ወሰን ሲሰብር የመረጠው ከፍታዋ ከአዲስ አበባ ብዙም የማይርቀውን ሜክሲኮ ሲቲን ነው። እነሱ ፈልገው፣ ገንዘብ ከፍለው የሚሄዱበት ከፍታ የእኛ መኖሪያ ነው።

ከዚያ የገንዘብ ጉዳይ ይመጣል። የዓለም አቀፉ ብስክሌት ኅብረት ደንብ የውድድር ብስክሌት ከ6.8 ኪሎ ግራም እንዳይቀልል ይከለክላል፤ ያን ያህል የቀለለና የጠነከረ ብስክሌት ለመሥራት ደግሞ የካርቦን ቴክኖሎጂ ያስፈልጋል። ታላላቅ ቡድኖች የሚጋልቡባቸው ብስክሌቶች ዋጋ ከ10,000 የአሜሪካን ዶላር ይበልጣል። በአሁኑ ምንዛሪ ይህ ከአንድ ሚሊዮን ብር በላይ ነው። ጎማው ያልቃል፣ ከመነዳሪው ይፈነዳል፣ ሰንሰለቱ ይሳሳል፣ ማርሹ ይበላል። መለዋወጫው ከውጭ በምንዛሪ የሚመጣ ነው። ለሯጭ ልጅ አንድ ወላጅ ጫማ ሊገዛለት ይችላል፤ ለጋላቢ ልጅ ግን ክለብ ያስፈልገዋል።

ከመቀሌ እስከ ፓሪስ

ይህ ሁሉ ችግር ባለበት የተያያዘ ሰንሰለት የፈጠረችው ከተማ መቀሌ ናት። ዳገት የበዛባት፣ ከፍታዋ ከ2,000 ሜትር በላይ የሆነች፣ ለአስመራ የብስክሌት ባህል የቀረበች ከተማ ናት። እንደ መሰቦ ሲሚንቶ፣ ጉና ንግድና ትራንስ ኢትዮጵያ ያሉ ድርጅቶች ያቋቋሟቸው ክለቦች ወንዶችንም ሴቶችንም አቅፈው ብስክሌትና ደመወዝ ሰጡ። አራቱ ነገሮች በአንድ ከተማ ተገናኙ፤ ውጤቱም ታየ።

ጽጋቡ ግርማይ የተወለደው በ1983 ዓ.ም. መቀሌ ነው። በ2004 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካውን ኤምቲኤን ኩቤካ ቡድን ተቀላቀለ። በዓመቱ በታይዋን ዙር የአንድ ቀን ውድድር አሸነፈ። በ2007 ዓ.ም. የጣሊያኑን ላምፕሬ ሜሪዳ ቡድን መለያ ለብሶ በጂሮ ዲ ኢታሊያ፣ በቀጣዩ ዓመት ክረምት በቱር ደ ፍራንስ ሲሰለፍ ከኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው ሆነ። የ2008ቱ ቱር ደ ፍራንስ ሲጀመር 198 ጋላቢዎች ነበሩ፤ ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነውን መንገድ በ21 የውድድር ቀናት ማለፍ ነበረባቸው። በዚያው ክረምት በሪዮ ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ ተወዳደረ። ቀጥሎም ለባህሬን፣ ለአሜሪካና ለአውስትራሊያ ቡድኖች ጋልቧል።

ውጤቱን በሰንጠረዥ ብቻ የሚያይ ሰው የጽጋቡን ሥራ አያየውም። በታላላቅ ቡድኖች ውስጥ አብዛኛው ጋላቢ የሚቀጠረው መሪውን ለማገልገል ነው፦ ነፋሱን ከፊት ሆኖ ይቀበላል፣ ውሃ ከመኪና ተቀብሎ ያመላልሳል፣ የመሪው ጎማ ቢፈነዳ የራሱን ይሰጣል፣ ዳገቱ እስኪጀምር ድረስ ቡድኑን ይጎትታል። ሌላው እንዲያሸንፍ ራሱን አድክሞ ከኋላ ይደርሳል። ይህ በዓለም ምርጥ ቡድኖች ለዓመታት የተፈለገ ሙያ ነው፤ ክብሩም ከሜዳሊያ ክብር አያንስም።

በዚያ የ2007 ጂሮ ዲ ኢታሊያ ከተሰለፉት መካከል አልባንያዊው ኤውጀርት ዡፓም ነበር። ሙሶሊኒ ከኢትዮጵያ ቀጥሎ አልባንያን የወረረው በመጋቢት 1931 ዓ.ም. ነው። ከሰባ ስድስት ዓመት በኋላ የሁለቱም ሀገር ልጆች በጣሊያን ትልቁ ውድድር ላይ፣ በጣሊያን ቡድኖች መለያ፣ በአንድ መንጋ ውስጥ ጋለቡ። ዡፓ ያደገው በጣሊያን ነው፤ ስለዚህ የጣሊያንን ክለቦችና መንገዶች ሁሉ አግኝቷል። ጽጋቡ ግን ሰንሰለቱን ከመቀሌ ጀምሮ መዘርጋት ነበረበት። አልባንያ ሕዝቧ ከሦስት ሚሊዮን የማይበልጥ ትንሽ ሀገር ስትሆን በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጂሮ ዲ ኢታሊያን መነሻ በዱረስ ከተማ ተቀብላ የመጀመሪያዎቹን ሦስት የውድድር ቀናት በምድሯ አስተናገደች። ድሃም ትንሽም ሀገር ታላቅ ውድድር ወደ ቤቷ ማምጣት እንደምትችል ይህ ማስረጃ ነው።

ከጽጋቡ ኋላ ሌሎች ተከተሉ። ሙሉ ኃይለሚካኤል በ2012 ዓ.ም. የሩዋንዳ ዙር አንድ ቀን አሸነፈ፤ ለአውሮፓ ቡድኖችም ጋለበ፤ ነጋሲ ኃይሉና ወላይ ሓጎስ በርሄም በዓለም አቀፍ ቡድኖች ተቀጠሩ። በዚህ መካከል ግን ሰንሰለቱ ድጋሚ ተመታ። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ተጀመረ። ስልክ ተቋረጠ፣ መንገድ ተዘጋ፣ ባንክ ቆመ። በአውሮፓ ዳገት ላይ የሚጋልቡ ልጆች ወላጆቻቸው በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ ሳያውቁ ለወራት ተወዳደሩ። የሀገሪቱን አብዛኞቹን ጋላቢዎች ያፈሩት ክለቦች ሥራቸው ተስተጓጎለ። የሰላም ስምምነቱ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ሲፈረም ለዓመታት የተገነባው ነገር ተናግቶ ነበር።

ሴቶቹ የከፈቱት መንገድ

የሴቶቹ ታሪክ ከወንዶቹ አጭር ነው፤ መንገዱ ግን የበለጠ ዳገታማ ነው። ሴት ልጅ ብስክሌት ስትጋልብ ነውር አድርጎ የሚያይ ሰው ዛሬም አለ። በሩጫ ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ ወርቅ ስታጠልቅ ብዙ ወላጆች ለሴት ልጃቸው በር ከፈቱ። በብስክሌት ያንን በር ካንኳኩት አንዷ ሰላም አምሃ ናት። ሐምሌ 18 ቀን 2013 ዓ.ም. በቶኪዮ ኦሊምፒክ የሴቶች የ137 ኪሎ ሜትር የጎዳና ውድድር ኢትዮጵያን ወክላ ብቻዋን ተሰለፈች።

ብቻዋን የሚለው ቃል ከባድ ነው። በዚያ ውድድር የኔዘርላንድ ቡድን አራት የዓለም ኮከቦች ነበሩት። ይሁንና ያሸነፈችው ያለ አንዲት ረዳት የመጣችው ኦስትሪያዊቷ አና ኪሰንሆፈር ነበረች፤ ሙያዋ የሒሳብ ተመራማሪ ነው። ይህ የምዕራፉን ሐሳብ የሚያፈርስ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ኪሰንሆፈር በመነሻው መስመር ላይ ብቻዋን ብትቆምም ከኋላዋ ለዓመታት የተወዳደረችባቸው የአውሮፓ መንገዶችና ውድድሮች ነበሩ። ለሰላም ይህን የሚያህል ልምምድ የሚሰጥ የውድድር ካሌንደር በሀገሯ አልነበረም። የእሷ ጀግንነት ያን ሁሉ ጉድለት ይዛ በዓለም ፊት መቆሟ ላይ ነው።

ኢየሩ ተስፋዓም ገብሩ ደግሞ ከትግራይ ወጥታ በዓለም አቀፉ ብስክሌት ኅብረት ማሠልጠኛ ውስጥ አልፋ ለኢትዮጵያ ጋልባለች። ጦርነቱ ከመጣ በኋላ በፈረንሳይ ተጠለለች። በ2016 ዓ.ም. ክረምት በፓሪስ ኦሊምፒክ የተወዳደረችው በስደተኞች ኦሊምፒክ ቡድን መለያ ነው። ፓሪስ ላይ የታየችው ሴት ኢትዮጵያ ውስጥ የበቀለች ጋላቢ ናት፤ ሀገሪቱ ግን ልጇን በሌላ ባንዲራ ሥር አየቻት። አንድ ጋላቢ ለማፍራት ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም።

ቀን የተቆረጠለት ውድድር

ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ ነበረች። መሬቷ ሜዳ ነው፣ መንገዶቿ ሰፊ ናቸው፤ ተማሪውም ሠራተኛውም ነጋዴውም በብስክሌት ይመላለስባት ነበር። በኋላ ባጃጅ በዛና ብስክሌቱ ተመናመነ። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. የአፍሪካ የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮና በዚያች ከተማ ሲካሄድ የአህጉሩ ምርጥ ጋላቢዎች በጣና ዳር መንገዶች ላይ ተፋለሙ። አዲስ አበባም መንገድ ለሰው በሚል መርሐ ግብር በወር አንድ እሁድ መንገድ ከመኪና ነጻ ማድረግን በ2011 ዓ.ም. ጀምራለች፤ በኮሪደር ልማቱም የብስክሌት መስመሮች ተሠርተዋል። እነዚህ መልካም ጅምሮች ናቸው። ነገር ግን የመሄጃ መስመር ብቻውን ጋላቢ አያፈራም፤ ከመስመሩ በላይ የሚያስፈልገው የውድድር ቀን ነው።

ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ ሰኔ 24 ቀን 2016 ዓ.ም. የቱር ደ ፍራንስን አንድ ቀን ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ ሲሆን፣ በዚያው ቱር ሦስት ቀን አሸንፎ አረንጓዴውን መለያ ወሰደ። ከእሱ በፊት ዳንኤል ተክለሃይማኖት በ2007 ዓ.ም. በዚያው ውድድር የዳገት ንጉሥ መለያ ለብሷል። ሁለቱም የመጡት ጦርነትና ድህነት ካልራቃት፣ ሕዝቧ ከአዲስ አበባ ብዙም ከማይበልጥ ሀገር ነው። ኤርትራ ያላት ብልጫ ውድድሩን ትውልድ ለትውልድ ማስተላለፏ ነው።

ሩዋንዳ ደግሞ ይህን ባህል ከጣሊያን አልወረሰችም፤ ራሷ ገነባችው። የሩዋንዳ ዙር የተጀመረው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1988 ነው። በ2009 በዓለም አቀፉ ካሌንደር ውስጥ ገባ፤ በ2019 ደረጃው ከፍ አለ። በመስከረም 2018 ዓ.ም. ኪጋሊ የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮናን በአፍሪካ ምድር ለመጀመሪያ ጊዜ አስተናገደች። ይህን ያመጣው የአንድ ጀግና ጋላቢ መወለድ አልነበረም። በየዓመቱ በቀኑ የሚጠበቅ፣ መንግሥትና ድርጅቶች የሚደግፉት፣ ሕዝቡ ዳር ዳር ወጥቶ የሚያየው አንድ ውድድር ነው።

ኢትዮጵያ ከዚህ የምትማረው ግልጽ ነው። በአንድ ሻምፒዮና ጊዜ ተሯሩጦ ቡድን ማዘጋጀት አያዋጣም። መቀሌን፣ ባሕር ዳርን፣ አዲስ አበባን፣ ሐዋሳንና ድሬዳዋን የሚያገናኝ ዓመታዊ ዙር፣ በየከተማው የሚካሄዱ የታዳጊዎች የሳምንት ውድድሮች፣ ለሴቶች እኩል ርቀትና እኩል ሽልማት፣ ለክለቦች መለዋወጫ የሚያስገቡበት የተመቻቸ መንገድ ያስፈልጋሉ። የኢትዮጵያ ብስክሌት ፌዴሬሽን፣ ከተሞችና ድርጅቶች አብረው ሊሠሩት የሚችሉት ሥራ ነው። ከገረመው ደንቦባ እስከ ሰላም አምሃ የተሰለፉት ጋላቢዎች የድርሻቸውን አድርገዋል። ቀሪው ሥራ የእነሱ ተተኪዎች ሲነሱ የሚወዳደሩበትን ቀን ቆርጦ፣ ያንን ቀን ምንም ቢመጣ አለማፍረስ ነው።